ግማሹ የነጣ አልጋና በመስታወት ቁም ሣጥን የታሰረው ጠርሙስ

ለ፦ የአደገኛ ፈሳሾች መቆጣጠሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ቀን፦ ማክሰኞ፣ የወሩ አጋማሽ ካለፈ በኋላ
ጉዳዩ፦ የእንጨት ማንጫ ሁለተኛው ጠርሙስ እንዲለቀቅልኝና የአክስቴ አልጋ ከግማሽ እንዲወጣ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ወደ አቤቱታዬ ከመግባቴ በፊት አንድ የሚያሳፍር ነገር ላጫውትዎ፤ ኋላ ከሌላ ሰው ቢሰሙት ይብሳል። ባለፈው ሳምንት ከቢሮዎ በር ፊት ለፊት ኮሪደሩን ስትወለውል ያገኟት፣ እስከ ክርኗ የሚደርስ ቢጫ የጎማ ጓንት ያጠለቀችውና መከላከያ መነጽር ግንባሯ ላይ የሰቀለችው ሴት የጽዳት ሠራተኛ አልነበረችም። እኔ ነበርኩ። ከሥራዬ ላይ ተነስቼ ጠርሙሴን ይዞ የሄደውን ተቆጣጣሪዎን እየተከተልኩ ስደርስ፣ በር ላይ ያሉት ጥበቃ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ምነው ዛሬ ደግሞ አረፈድሽ? መወልወያው ከደረጃው ሥር ነው» አሉኝ። አቤት ባይ መሆኔን ልነግራቸው አፌን ስከፍት ባልዲው እጄ ውስጥ ነበር። አቤት ባይ ከሆንኩ ወረፋ ይጠብቀኛል፣ ጽዳት ከሆንኩ ግን በቀጥታ ወደ ላይ እወጣለሁ ብዬ ባልዲውን ይዤ ደረጃውን ወጣሁ። ክቡርነትዎም እርጥቡን ወለል በጥንቃቄ ተሻግረው፣ «እግዜር ይስጥሽ፤ እዚያ ጥግ ላይም አለ» ብለውኝ አልፈዋል። ጥጉንም ወልውዬዋለሁ። ትውውቃችን እንዲህ ሆነና፣ አሁን በወጉ ልቅረብ።

1. አመልካች የአሮጌ የቤት ዕቃ አዳሽ ነኝ። ያሳደገችኝ አክስቴ ከመሥሪያ ክፍሌ ጎን፣ በዚያው ግቢ ምድር ቤት ትኖራለች። መስኮቷ የሚያየው የጎረቤት ግድግዳ ነው፤ ወለሏ ጥቁር ሲሚንቶ ነው። ባሏ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በእጁ የሠራላት አልጋ፣ ጠረጴዛና ቁም ሣጥን ሁሉ ጠቆር ያለ ቡናማ ነው። «ጥቁር እድፍ ይችላል» ባይ ነበር። አክስቴም ዕድሜዋን ሙሉ በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ ስታነጣ ስለኖረች፣ ነጭ ነገር ሥራ ቦታ ይበቃኛል ብላ አልተከራከረችውም። አሁን ግን ዓይኗ ደክሟል። ነጣ ያለውን ነገር ትለያለች፤ ጥቁር በጥቁር ላይ ሲሆን ግን ለእሷ ባዶ ቦታ ነው። ሐኪሙ «ወለሉ ጥቁር ከሆነ ዕቃው ይንጣላት» አለን።

ታዲያ ነጭ ቀለም ቀብተሽ አትገላገይም ወይ ይሉኝ ይሆናል። እኔም ያንኑ ብያት ነበር። የአልጋውን ራስጌ በመዳፏ ዳበስ ዳበስ አደረገችና፣ «ቀለም ከቀባሽው የሰውዬው እጅ ከሥሩ ይቀበራል። እሱን አንዴ ቀብሬዋለሁ፤ ይበቃኛል» አለችኝ። ከዚህ በኋላ ስለ ቀለም ያነሳ ሰው የለም።

2. ስለዚህ የእንጨት ማንጫ ገዛሁ። ይህ ልብስ የሚነጣበት በረኪና አይደለም። ሁለት ጠርሙስ ነው። መጀመሪያ አንደኛው ፈሳሽ ይቀባል። እንጨቱ ገና እርጥብ እንዳለ ሁለተኛው ይከተላል፤ አረፋ ይደፍቃል፣ ቀለሙም ቀስ እያለ ይሸሻል፤ የእንጨቱ መስመር ግን አይጠፋም። በማግስቱ ኮምጣጤ በገባበት ውሃ ይታጠባል። ሁለተኛው ሳይከተል አንደኛው ብቻውን ከቀረ ግን እንጨቱን ከቀድሞው ይልቅ ያጠቁረዋል። እንደ አንዳንድ ባልና ሚስት ናቸው፤ የሚቀመጡት ተለያይተው ነው፣ ሥራ ላይ ካልተገናኙ ግን ቤት አይቆምም።

ራስጌው አማረልኝ። የገለባ መልክ ያዘ። አክስቴ በሩ ላይ ቆማ አየችው፤ «ያውና አልጋዬ» አለች። ማንም ሳይዛት ሄዳ ነካችው። እኔም ልክ እንደ ጎበዝ ሰው ሻይ አፍልቼ ጠጣሁ።

3. ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ለካ አረፋውን በመስኮቱ አይቶ ኖሯል። «ግቢያችን ውስጥ እንጨት ያለ እሳት እየፈላ ነው» ብሎ ለጽሕፈት ቤትዎ ደወለ። አልቀየምኩትም፤ ለልጆቹ ፈርቶ ነው። የተላከው ወጣት ተቆጣጣሪም ጨዋ ነው፤ ጫማዬን ላውልቅ ወይ ብሎ ሁሉ ጠይቋል። የደረሰው ግን የአልጋውን ግርጌ አንደኛውን ፈሳሽ ቀብቼ ሁለተኛውን ልከፍት ስል ነበር። ጠርሙሱን ከእጄ ወሰደና «ይሄ የእኛን ክፍል የሚመለከት ነው፤ ያለ ፈቃድ አይያዝም» አለኝ።

«እሺ ወንድሜ፣ እርጥብ እንዳለ ብቻ አንዴ ልቀባውና ውሰደው። አለዚያ ይጠቁርብኛል።»

«እህቴ፣ የተላክሁት ልወስድ እንጂ ላስቀባ አይደለም።»

«አንደኛውንስ ጠርሙስ?»

«እሱ የሌላ ክፍል ነው። እኔ አልነካውም።»

ከዚያ ከነጓንቴ ተከተልኩት፤ የቀረውን ክቡርነትዎ ያውቁታል። ወልውዬ ስመለስ ግርጌው ከሰል መስሎ ጠበቀኝ።

4. አሁን አልጋው ራስጌው ቀን፣ ግርጌው ሌሊት ነው። ሁሉም ጥቁር በነበረ ጊዜ አክስቴ እጇን ዘርግታ እየዳሰሰች ትሄድ ነበር። ዛሬ ነጩን እያየች በልበ ሙሉነት ትራመዳለች፣ ጥቁሩ ቅልጥሟን ይቀበላታል። ግማሹን ማየቷ አሳሳታት። መላ ያገኘሁ መስሎኝ ግርጌውን ነጭ አንሶላ አለበስኩት፤ አንሶላው እግሯን ጠልፎ ጣላት፣ የእጇ አንጓ አብጦ ሰነበተ። ወለሉ ላይ እንደተቀመጠች፣ «እኔን አንሶላ? ዕድሜዬን ሙሉ ያገለገልኩት አንሶላ?» ብላ ሳቀች። ሳቁ ሲያልቅ እንባው ቀጠለ።

ከዚያ ወዲህ ከአልጋዋ አትወርድም። በራስጌውና በግርጌው መካከል እግሯን ሰብስባ፣ ዙሪያዋን ውሃ እንደከበባት ሰው ተቀምጣ ትውላለች። ልጇ መጥቶ አይቷታል። «እማ፣ በቃ እኔ ጋ ትመጫለሽ፤ የወሩ መጨረሻ ላይ መኪና ይዤ እመጣለሁ» ብሏል። ክፉ ልጅ ሆኖ አይደለም፤ ደንግጦ ነው። ቤቱ ግን ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱም ከቆመ ሰንብቷል። አንዴ ከወጣች የምትወርደው በሰው ሸክም ነው። እዚህ ግቢ በሩን፣ ቧንቧውንና የልብስ ሰፊውን ደጃፍ በእግሯ ታውቃቸዋለች። ልጇ ሲሄድ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «እዚያ ከወጣሁ በየት በኩል ነው ደጅ የምለው?» ብላ ጠየቀችኝ። ምሳሽን ላምጣልሽ አልኳት።

5. ጠርሙሱን ለማስለቀቅ ጽሕፈት ቤትዎ ተመላልሻለሁ፤ ይኸው ከዚህ በሚከተለው አዙሪት ውስጥ ተቀርቅሬ ቀርቻለሁ። አንደኛው ፈሳሽ የሚመለከተው ክፍል አንድን፣ ሁለተኛው ክፍል ሁለትን ነው። በሮቻቸው ፊት ለፊት ናቸው። በክፍል አንድ ያሉት ወይዘሮ «ማንጫ ማለት ሁለቱም ነው፤ ሁለቱን ጠርሙስ አንድ ላይ ካላየሁ ፈቃድ አልጽፍም» አሉኝ። በክፍል ሁለት ያሉት አቶ ደግሞ «የክፍል አንድን ፈቃድ ካላመጣሽ ጠርሙሱ ከዚህ አይወጣም» አሉኝ። «እንግዲያው የእኔን ጠርሙስ እርስዎ ጋ ላምጣና ወይዘሮዋ እዚህ መጥተው ይዩት» ብላቸው፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ማስታወቂያ በእርሳሳቸው ጠቁመው አሳዩኝ፦ ሁለቱ ፈሳሾች በአንድ ክፍል ውስጥ እንዳይገኙ።

ማስታወቂያው ልክ ነው። እኔም ቤቴ ለየብቻ ነው የማስቀምጣቸው። ግን አንዱ ክፍል አብረው ካላየሁ ይላል፣ ሌላው አብረው አይታዩም ይላል፤ እኔ ከሁለቱ መካከል እንደ አክስቴ ቁጭ ብያለሁ። ሁለቱ ኃላፊዎች የተጣሉም አይደሉም። ወይዘሮዋ ሲያስነጥሳቸው አቶው በተከፈተው በር «ይማርዎ» ይላሉ። ወይዘሮዋ ቀና ቢሉ ጠርሙሱን ከወንበራቸው ሳይነሱ ያዩታል። ይህንንም ብያቸው ነበር፤ «ማየትማ አየዋለሁ፣ ግን አልቀረበልኝም» አሉኝ።

ጠርሙሱ የተቆለፈበት የመስታወት ቁም ሣጥን ደግሞ ከመስኮቱ ሥር ነው። ሁለተኛው ፈሳሽ ሙቀትና ብርሃን አይስማማውም፤ ፀሐይ በመታው ቁጥር ኃይሉ እየደከመ ወደ ተራ ውሃነት ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ መጥቼ በበሩ ሳየው ፀሐይዋ አናቱ ላይ ናት። ክቡር ሆይ፣ ወሩ ሳያልቅ እሱ ያልቃል።

6. ስለዚህ በትሕትና የምለምነው ይህን ነው። ኮሪደሩ ክፍል አይደለም። ወይዘሮዋ ከበራቸው፣ አቶውም ከበራቸው አንድ አንድ እርምጃ ወጣ ይበሉልኝ። የእኔ ጠርሙስ በአንደኛው ግድግዳ ሥር ይቀመጥ፣ የታሰረው በሌላኛው፤ ሳይነካኩ ሁለቱም ታይተው እዚያው ይፈረምልኝ። የወለሉን ንጽሕና ለክቡርነትዎ ማስረዳት የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም። እስከዚያው ድረስ ጠርሙሱ ከመስኮቱ ፈቀቅ እንዲል ይታዘዝልኝ። ግርጌውን ስቀባ ተቆጣጣሪው ቆሞ ቢያይ ደስ ይለኛል፤ ልብስ ሰፊውም ልገኝ ብሏል። አረፋው ሲነሳ እንዳይደነግጥ አክስቴ አጠገቡ ትቀመጣለች።

ግርጌው ከነጣ መጥቼ እነግርዎታለሁ፤ ሳይነጣ ቢቀርም መጥቼ እነግርዎታለሁ። አክስቴ ከአልጋዋ ወርዳ እስከ ደጅ ብቻዋን ከሄደች ግን ነገሩን ከእኔ አይሰሙም፤ ራሷን ይዣት እመጣለሁ። ያን ቀን ጥበቃው ባልዲ ይዘው እንዳይቀበሉን አደራ ይበሉልኝ።

ጓንቱን ካወለቀ እጅ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
የአሮጌ ዕቃ አዳሿ

ግልባጭ፦
ለአክስቴ ልጅ፤ መኪናውን ከማስነሳቱ በፊት እንዲያነበው