የኡም ሰያል ሙታን ስም

ለታላቅ እህቴ ለኢህሳን፣

እንዴት ከርመሻል እታለም? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽ ባክሪስ እንዴት ነው? እናታችንስ የጅዳ ሙቀት አልከበዳትም? እንቅልፍ ይወስዳታል? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ።

ከጋዜጣው ተባርሬያለሁ። ከሰው አፍ ከምትሰሚው ብዬ ነው የምጽፍልሽ። ሃያ ዓመት ዜና ስጽፍ፣ ሦስት የልብ ወለድ መጽሐፍ ሳሳትም ስትኮሪብኝ ኖረሻልና የሆነውን ሳልሸሽግ ልንገርሽ።

አምና ዓባይ ሞልቶ ኡም ሰያል የምትባለውን መንደር ሲወስዳት ለዘገባ የሄድኩት እኔ ነበርኩ። የሃያ ሦስት ሟቾች ስም መዝግቤ ተመለስኩ። አዘጋጁ ከበላይ ታዟል ብሎ፣ የሞተ ሰው የለም ብለህ ጻፍ አለኝ። ጻፍኩ፤ ስሜም ከሥሩ ወጣ። ያየሁት ነገር ግን አልለቅ ሲለኝ ከረመና፣ ልጇን በጭቃ ውስጥ የምትፈልግ እናት ታሪክ አድርጌ በሦስተኛው መጽሐፌ አወጣሁት። ሰው ሁሉ አመሰገነኝ። እኔም ከህሊናዬ የታረቅሁ መሰለኝ።

ባለፈው ወር ናፊሳ የምትባል የኡም ሰያል ሴት ቢሮ ድረስ መጣች። ማንበብ አትችልም፤ ታሪኩን ያነበበላት አማቿ ነው። ተቀመጪ ብላት እምቢ አለች። በጎርፉ ጊዜ የከተማ ወጣቶች ጀልባ ጭነው ለእርዳታ ሲመጡ፣ መንገድ ላይ የሞተ የለም የሚለውን ዘገባዬን አንብበው እንደተመለሱ ነገረችኝ። ትንሿ ልጇ ግራር ላይ ሆና ሦስት ቀን ስትጣራ፣ ናፊሳ ከማዶ ትሰማት ነበር። በአራተኛው ቀን ሬሳዋ ወረደ።

ድምጿን ከፍ ሳታደርግ፣ “ታውቅ ኖሯል ለካ። እኔ እኮ ያላወቅህ መስሎኝ ይቅር ብዬህ ነበር” አለችኝ።

የዚያኑ ቀን ሃያ ሦስቱን ስም፣ ከእነሱ በኋላ የሞተችውን የናፊሳን ልጅ ስምና የእኔን ውሸት ጽፌ ለአዘጋጁ ሰጠሁት። አጥፎ መለሰልኝና፣ የልጆች አባት ነህ፣ ተው አለኝ። አልተውኩም፤ በስምንት ገጽ አሳትሜ ራሴ ይዤ ኡም ሰያል ሄድኩ። ናፊሳ፣ አማቿ የልጇን ስም እስኪያነብላት ቆማ ሰማችና እኔን ደጅ ትታ ወደ ቤቷ ገባች። አልቀየምኳትም።

በማግስቱ ተባረርኩ። እሑድ ጠዋት ጸጥታ ቢሮ ለጥያቄ ቅረብ ተብያለሁ፤ ተመልሼ እወጣ እንደሆነ አላውቅም። ባለቤቴን ሰኪናንና ልጆቼን አደራ።

ባክሪን ሰላም በይልኝ። ልጆችሽን ሩቃያንና ሙርተዳን ሳሚልኝ። ለእናታችን ስለ እሑዱ አትንገሪያት። ሦስተኛውን መጽሐፌን ራስጌዋ አስቀምጣዋለች ብለሽኝ ነበር፤ አንሺው አልልሽም፤ ከደብዳቤው ጋር የላክሁትን ስምንት ገጽ ግን ከላዩ አድርጊበት።

ወንድምሽ ሲር አል-ኸቲም
ኦምዱርማን፣ ኅዳር 3 ቀን 1992 ዓ.ም.