በእናቴ ተረከዝ ላይ ያለቀው ቅባት

ሰኞ

ቅባቱ ውሃ ለቀቀ። ባልደረባዬ ደስታ ቡሹሎ ሰፈር ካለው ቤቱ ይዞት በመጣው ብልቃጥ ውስጥ ውሃው ለብቻው ታች ቁጭ ብሏል። ለልጆች እከክ ብለን ስንት የለፋንበት! የሙቀት መፈተሻ ክፍል ስለሌለን፣ መድኃኒት ገና ያልገባበትን ቅባት ሙቀት መቻሉን ለማየት አራታችንም ወደየቤታችን ወስደን እናስቀምጣለን። የደስታ ቆርቆሮ ጣሪያ ከሁሉም ይብሳል።

ሐሙስ ደግሞ ከአዲስ አበባው ትልቅ የመድኃኒት ፋብሪካ እንግዳ ይመጣል። ድርጅታችንን ገዝተው ሊጠቀልሉን ይፈልጋሉ። የድርጅቱ ባለቤት ጋሽ ማርቆስ ከተስማሙ ሥራው ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። እኔ ወይ ቅባቱን ወይ እናቴን ልተው ነው።

ማክሰኞ

ጋሽ ማርቆስ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር። እነሱ ዘንድ መሣሪያ አለ፣ ሰው አለ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እነሱ አንዱ ቢከሽፍባቸው ሌላ አላቸው፤ እኛ ያለን ይቺው ቅባት ናት።

«ሴት ሲበዛ ጎመን ጠነዛ የሚባለውስ?» አልኳቸው። ሳቁብኝ። ቀኑን ሙሉ ስናደድ ዋልኩ።

ቤት ገብቼ የራሴን ብልቃጥ ብፈልግ ባዶ ነው። እናቴ ተረከዟን ቀብታ ጨርሳዋለች። «ጥሩ ቅባት ነው፣ ሌላ አምጪልኝ» ትለኛለች። ምን ይባላል?

ረቡዕ

ባልደረባችን ሰላም ስለምትጾም ረቡዕ ረቡዕ ጴንጤዎቹም አብረናት ሽሮ እንበላለን። የጋሽ ማርቆስ ደንብ አለ፦ ከሰዓት የሚሞከረው ነገር ሳይወሰን ትሪው አይነሳም።

ዛሬ ሽሮው ደረቀ፣ ትሪው ግን አልተነሳም። በኋላ ሰላም «ውሃውን እኮ ቀዝቃዛውን ነው የምንጨምረው፣ ከቀለጠው ቅባት ጋር እንዴት ይዋሃዳል?» አለች። ክረምት ላይ መብራት ሲያስቸግረን ውሃውን ሳናሞቅ መጨመር ለመድን፤ መብራቱ ሲስተካከልም ልማዱ አልለቀቀንም። እጃችንን ታጥበን ገባን። ውሃውን አሙቀን አዲስ ሠራን፣ ደስታ ወደ ቤቱ ይዞት ሄደ።

ሐሙስ

እንግዳዋ የፋብሪካው የምርምር ኃላፊ ናቸው፣ ወይዘሮ ሂሩት ይባላሉ። ብልቃጦቹን አሳዩኝ አሉ። የተበላሸውንም አዲሱንም አቀረብን። አዲሱ ውሃ አልለቀቀም። «የእርስዎስ?» አሉኝ። የእናቴን ተረከዝ ነገር ተናገርኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሴትየዋ ግን እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«አንድ ሌሊት ማስረጃ አይሆንም» አሉ ቀጥለው፣ ልክ ናቸው። «ግን መቼ ለወጣችሁት?»

«ትናንት፣ ምሳ ላይ» አልኳቸው፤ የትሪውንም ደንብ ነገርኳቸው።

«እኛ ጋ ይቺ ለውጥ ሦስት ኮሚቴ ትዞራለች።»

ጋሽ ማርቆስ የጎመኑን ተረት አመጡ፣ የእኔን! ወይዘሮ ሂሩትም «ኮሚቴዎቹ ውስጥ ያለሁት ሴት እኔ ብቻ ነኝ፤ ጎመኑን የሚያጠነዙት ወንዶቹ ናቸው» አሏቸው። ወደድኳቸው። ውሳኔያቸውን ግን ሳይነግሩን ሄዱ።

ቅዳሜ

ጋሽ ማርቆስ ደወሉ። አይጠቀልሉንም። እዚሁ ሐዋሳ እንሠራለን፣ በእነሱ የሙቀት ክፍል ይፈተሻል፣ ካለፈ እነሱ ያመርቱታል። ወይዘሮ ሂሩት «ብንወስዳችሁ ትሪው ይቀራል» ብለዋል አሉኝ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ደስ ሲለኝም አለቅሳለሁ፣ ምን ላድርግ።

ቅባቱ በእነሱ ክፍል ሊወድቅ ይችላል። ቢወድቅም ተመልሶ ትሪያችን ላይ ይቀርባል።

ለእናቴ እዚሁ ከሐዋሳ ፒያሳ ቫዝሊን ገዛሁላት። ቀባችና «ያንቺን አያህልም» አለች።

«ትንሽ ጠብቂ» አልኳት። «የትም አልሄድም።»