እስከ በራችን ድረስ የተቀባ መንገድ

ለምወድሽ ልጄ ለጉድሩን፣

እንዴት ነሽልኝ? ባልሽና ልጆቹስ? የሃምቡርግ ንፋስ እንዴት ይዟችኋል? እኛን ከብርዱ በቀር የነካን የለም፣ ተመስገን።

ለፋሲካ ስትመጡ ልጆቹን የት እንደምንወስዳቸው ጠይቀሽኛል። ጥቁር ደን መቼም የሚታይ አያጣም። ትሪበርግ ፏፏቴውን እናሳያቸዋለን፤ ቲቲዜ ሐይቅ ላይ ጀልባ እናሳፍራቸዋለን። ፌልድበርግ ተራራ ገና በረዶ ስላለው ቦት ጫማ አትርሺ። ጫካ ለጫካ የምመራችሁ ግን እኔ ነኝ። አባትሽ ዘንድሮ ትንሽ ይረፍ።

ሥራውንስ አልተወም። ለእግረኞች በየዛፉ ላይ ቢጫውን የመንገድ ምልክት ለመቀባት እንደ ድሮው ቀለምና ብሩሹን ይዞ ይወጣል። ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን ቬንዴሊን ይዞት መጣ።

"ሮስቪታ፣ ባልሽን ወፍጮው ጋ አገኘሁት። የመንገድ ሹሙ ራሱ እኔን የቤቱን መንገድ ይጠይቀኛል፣ ይሄ ቀልደኛ" ብሎ ሳቀ። አባትሽም አብሮት ሳቀ። እኔ ኬክ ቆረጥኩላቸው።

ትናንት ዳቦ ልገዛ ስወጣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀምሮ በየዛፉ ላይ አዲስ ምልክት አየሁ። ስመለስ እየተከተልኩት ብመጣ የመጨረሻው የገዛ በራችን ላይ ነው።

"አልቪን፣ ይሄ ደግሞ ለማን ነው?" አልኩት።

"ለእንግዳ ነው" አለኝ፣ ብሩሹን እያጠበ።

ከፋሲካው ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ደስ ይለኛል። የልጆቹን ጉንጭ ሳሚልኝ። የበሩን ቀለም አላስለቀቅኩትም፤ ዝናብ ሲያደበዝዘው እኔው እደግመዋለሁ።

እናትሽ ሮስቪታ