ፋርቱንና የግቢው አፈር

ጥቅምት 6 ቀን 1975

ሙቀቱ አልበረደም። ልብስ አጠብኩ። ዱዓሌ እንደ ወትሮው ግቢው ጥግ አሮጌ የመኪና ባትሪ ሲፈታ፣ እርሳሱን በብረት ድስት ሲያቀልጥ ዋለ። ፋርቱን ዛሬም ሆዷን ይዛ አለቀሰች። ከአባቷ ሥራ አጠገብ አፈር ስትልስ ያዝኳት። «ተይ!» ስላት «ይጣፍጣል» አለች። አፈር ይጣፍጣል? ሦስት ዓመቷ ነው። ተስፋ ከቆረጥኩ በኋላ ያገኘኋት አንድ ልጄ...

ጥቅምት 12

ቀበሌው በድምፅ ማጉያ ለፈፈ፤ ትንንሽ ልጆች ሁሉ ለደም ምርመራ ይቅረቡ። ታች ሰፈር የአንድ ባትሪ ሠሪ ልጅ አንቀጥቅጦት ሆስፒታል ገብቷል። የእርሳስ መርዝ ነው ተባለ።

ጎረቤቴ ቦጋለች ልጇን አልጋ ሥር ደበቀችው። «ሃሊሞ፣ ሞኝ ነሽ እንዴ? ደሙን የፈለጉት ለግንባር ነው!»

የሕፃን ደም ለየትኛው ወታደር ይበቃል?  ፋርቱንን አዝዬ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። እዚያ ያለው ኩባዊ ሐኪም ድዷን ገልጦ የእርሳሱን ጥቁር መስመር አየ፣ ፊቱ ተለወጠ። ነርሷ ሲስተር ቱሪያ ደም ቀዳች። አዲስ አበባ ይላካል አለች።

ጥቅምት 25

የደሙ ውጤት አልመጣም።

ኅዳር 9

መጣ። በደሟ ያለው እርሳስ በጣም ከፍ ያለ ነው።

«መድኃኒቱ እዚህ የለም» አለች ሲስተር ቱሪያ። «ቢኖርም እዚያው ግቢ ከተመለሰች ከንቱ ነው። ከእርሳሱ አርቋት። ወተት፣ እንቁላል፣ ጎመን ትብላ። እጇ ይታጠብ።»

አብሮኝ የመጣው ዱዓሌ ሳቀ። «ሃያ ዓመት አቅልጫለሁ። ምን ሆንኩ?»

«ጋሼ፣ ልጅና ትልቅ ሰው አንድ አይደለም» አለችው ሲስተር ቱሪያ።

ቤት ስንገባ ሥራህን ከግቢ አውጣ አልኩት። «አቦ ተዪኝ! የት ላውጣው? ምን ልንበላ?» ሻዩን ሲያነሳ ብርጭቆው እጁ ላይ ይንቀጠቀጣል። አላየውም? ወይስ አይቶ...

ኅዳር 10

ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ። በሩን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ፋርቱን ገጠር አክስቷ ዘንድ ከሄደች ማን ያቅፋታል? ከቆየችስ?

ኅዳር 11

ዱዓሌን አላስፈቀድኩም። ፋርቱንን ገጠር፣ ጀልዴሳ፣ እህቱ ፋዱማ ዘንድ አደረስኳት። «ወተት ነው የቸገረሽ? ግመሎቹ አሉ። አንቺ ብቻ አታልቅሺ» አለች ፋዱማ። ልጄ ስታንቀላፋ ተመለስኩ።

«ልጄን ሰረቅሽኝ» አለ ዱዓሌ።

አዎ አልኩት።

ጥር 17

ዱዓሌ ሥራውን ከከተማ ውጭ ወሰደ።  ቤቱ ጭር ብሎበት ነው መሰለኝ። የግቢውን አፈር እየዛቅን ነው። የቦጋለችም ልጅ ሆዱን ማመም ጀመረው፤ ራሷ ይዛው ወደ ሲስተር ቱሪያ ሮጠች።

ሲስተር ቱሪያ ለክትባት ጀልዴሳ ወርዳ የፋርቱንን ደም ደግማ ቀድታ መጣች። እኔስ ሄጄ ልያት? አይታኝ ካለቀሰች አልችልም፤ ይዣት እመለሳለሁ።

የካቲት 20

በደሟ ያለው እርሳስ በግማሽ ወርዷል። በግማሽ! «ግን ገና ነው» አለች ሲስተር ቱሪያ። «እዚያው ትክረም።»

ከዚህ በላይ መቆየት አቃተኝ። ጀልዴሳ ሄድኩ። ጉንጯ ሞልቷል፣ ከፍየሎቹ ጋር ትሯሯጣለች። እጆቼን ዘረጋሁ። ከፋዱማ ኋላ ተደበቀች።

«ሆዮ፣ ይህቺ ልትወስደኝ ነው?» አለቻት።

ሆዮ... እኔን እናቷን ብቻ ነበር እንዲያ የምትጠራው።

ፋዱማ ደነገጠች፤ «እናትሽ እኮ ናት! ሂጂ ሳሚያት!» ብላ ልትገፋት ስትል ተያት አልኳት።

«አልወስድሽም» አልኩ።

ያኔ ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።