የፋሪሃ ውጤት

ኅዳር 5

መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ፍሪዘር ውስጥ ያለውን የጥናቱን ደም ሁሉ በረዶ ላይ ደረደርኩ። እጄ ደነዘዘ።

ከሰዓት ከውጭ አገር የደም ምርመራው ውጤት መጣ። አለቃዬ ዶክተር ሂሻም ከወንበሩ ብድግ ብሎ ጨበጠኝ። እንዲህ ሲደሰት አይቼው አላውቅም። ወንድና ሴት በምን እንደሚለይ ሲያጠና ስንት ዓመቱ... ዛሬ ማንም ያላየውን አገኘሁ አለ። ቁጥር 31። ሴት ናት፤ ሴሏ ውስጥ ግን የወንዶቹ ዋይ ክሮሞዞም አለ። ፅንሱን ወንድ የሚያደርገው ጂን አንዲት ፊደሉ ተቀይራ ሳይሠራ ቀርቷል።

ቁጥር 31 ፋሪሃ ናት። አል-ጣኢፍ ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራው የወሎዋ ልጅ።

ኅዳር 6

መቼ እንነግራታለን አልኩት። ጽሑፉ ከታተመ በኋላ፣ ኢንሻአላህ አለ። የፈረመችው ወረቀት ውጤት አንሰጥም ይላል አለኝ። አሳየኝ። እውነትም ይላል... በእንግሊዝኛ! ያኔ የተረጎምኩላት እኔ ነኝ። "ለምን እንዳልወለድሽ ሲታወቅ እንነግርሻለን" ብያታለሁ። ማን በይ አለኝ? ደም ከተሰጠ ውጤት ይነገራል ብዬ ነዋ።

ታኅሣሥ 2

ፋሪሃ በእረፍት ቀኗ ዐማራት ሰፈር ቢሯችን ድረስ መጣች። ባሏ ኢሳ ልጅ ሲጠብቅ ሦስት ዓመቱ ነው። እናቱ ከደሴ እየደወሉ ሌላ አግባ ይሉታል አሉ። "ዮርዲ፣ የኔ ነገር አልመጣም?" አለችኝ።

አልመጣም አልኳት። ዓይኗን እያየሁ።

ታኅሣሥ 19

የዶክተሩን ጽሑፍ ረቂቅ ስተይብ አንድ መስመር ላይ ቆምኩ። እንዲህ ያሉ ሴቶች ሆድ ውስጥ ያለው ያልዳበረ እጢ ወደ ነቀርሳ ሊለወጥ ስለሚችል ቶሎ መውጣት አለበት ይላል። ራሱ የጻፈው! ሄጄ ጠየቅኩት። ሊለወጥ ይችላል አልኩ እንጂ ይለወጣል አላልኩም አለኝ፤ ሻዩን ፉት እያለ። ብርጭቆውን ነጥቄ ግድግዳው ላይ ብከሰክሰው ደስ ባለኝ።

አልከሰከስኩትም። መተየቤን ቀጠልኩ።

ጥር 14

ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ ብዬው ነበር። አምጫት አለ። ዛሬ አመጣኋት። ገና ከመቀመጧ "ኢንታ..." ብሎ ጀመረ። አንተ ማለት ነው፣ ለወንድ የሚባለውን!

ፋሪሃ ሳቀች። ሐበሾች ኢንታና ኢንቲን ያምታታሉ እያሉ እዚህ አገር ሲቀልዱብን ነው የምንውለው። በዐረብኛዋ ያሾፈባት መሰላት።

"መዓሌሽ፣ ምንም አይደል ዶክተር፣ እኔም እንዲሁ ነው የምሳሳተው" አለችው።

"አልተሳሳትኩም። ደምህ ወንድ ነው የሚለው" አላት። ወደኔ ዞሮ ተርጉሚላት አለኝ።

አልተረጎምኩም። እጇን ይዤ ወጣሁ። ከኋላዬ "ያ ዮርዳኖስ፣ ያ ዮርዳኖስ" እያለ ይጣራል... ይጩህ። ደረጃው ላይ "ምን አጠፋሁ? ለምን ተቆጣኝ?" አለችኝ። ዐረብኛዋ መስሏታል አሁንም። ምስኪን።

ጥር 15

ከሥራ ተባርሬያለሁ። በስልክ መልእክት፣ በሁለት መስመር። ደግ አደረገ።

ፋሪሃን ሳጃና ሰፈር ቤቴ አስቀምጬ ነገርኳት። ሴት ነሽ፤ የተወለድሽውም ያደግሽውም ሴት ሆነሽ ነው። እንቁላል የሚሠራው ነገር ግን ሆድሽ ውስጥ ሳይፈጠር ቀረ። ያንቺ ጥፋት አይደለም፣ የኢሳም አይደለም። አሁን የቀረው እጢ በቀዶ ሕክምና መውጣት አለበት።

ቀሚሷን ገለጥ አድርጋ ሆዷን አሳየችኝ። ሦስት ክብ ቁስል፣ ገና ያልደረቀ። ፈኪ የሚሉት መድኃኒተኛ ማህፀንሽን ብርድ ይዞታል ብሎ በጋለ ብረት ተኩሷት ነው። ባለፈው ሳምንት።

ባለፈው ሳምንት!

ጥር 22

ሐኪም ቤት ቀጠሮ አገኘን። ኢሳ ሁሉን ሰምቶ ጥሏት አልሄደም፤ ዛሬም አብሮን መጣ። ራክሻ የሚሉት ባጃጅ ውስጥ ፋሪሃ መሐላችን ተቀምጣለች።

"መቼ ነው ያወቃችሁት?" አለችኝ።

ያወቀው አላለችም። ያወቃችሁት። እኔኮ ስንት ቀን ሙሉ እሱን ስረግም... አፍ አልነበረኝም? ቤቷን አላውቀውም?

ኅዳር ላይ አልኳት።

በጣቷ ቆጠረች። ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር። እጇን ቁስሏ ላይ አደረገችና ወደ ኢሳ ጠጋ አለች።