ደናን ወተት አይደለም

ድሬዳዋ፣ ሰኞ

ውድ ሆዮ ሃዎ፣

ይህን በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ አልሆነልኝም። ድምፅሽን ስሰማ እንባዬ ይቀድመኛል፤ ከዚያ በኋላ አንቺም አትሰሚኝም። የጎረቤትሽ ልጅ ዓምራን ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው ታንብብልሽ፤ መሃል ላይ እንዳታስቆሚያት።

ልጅሽ ዐብዲናሲር ሆስፒታል አጠገቤ ተኝቷል። የግራ እግሩ ጣቶች ከትናንት ጀምሮ አይታዘዙትም። ፋብሪካ ካርቶን ሲያነሳ ወገቡ የተቀጨ መስሎን ስናሸው የከረምነው በከንቱ ነው። ጀርም አከርካሪው ውስጥ ገብቶ አጥንቱን እየበላው ነው፤ መግሉም ወደ እግሩ የሚወርደውን ነርቭ ተጭኖታል።

መጀመሪያ የጀርባ ቲቢ ነው ተባለ። በመርፌ በተቀዳው መግል ውስጥ ቲቢ ስላልተገኘ ግን ዶክተር ኑኃሚን አልተዋጠላትም። «ጥሬ ወተት ትጠጣለህ?» ስትለው «ኧረ ወተት ከልጅነቴም አልወድ» ይላታል። በማግስቱ ያንኑ ትጠይቃለች፣ ያንኑ ይመልሳል። እኔም አጠገቡ ቆሜ ራሴን እነቀንቃለሁ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ፤ ባሌ ግን የደበቀ አልመሰለውም።

ቅዳሜ ከቢዮ አዋሌ የላክሽው ጀሪካን ደረሰ። ዶክተሯ ስትገባ ብርጭቆውን አጋምሶታል።

«ምንድነው የምትጠጣው?»

«ደናን ነዋ ዶክተር፣ የግመል፣ ኮምጥጦ የረጋ። ሆዮ፣ እናቴ ናት ሁሌ የምትልክልኝ። ወገብ ያጠናል።»

«ተፈልቷል?»

«ወላሂ ዶክተር፣ ደናን ደግሞ ይፈላል እንዴ?»

«ወተት አልጠጣም አላልከኝም?»

«አልጠጣማ። ይሄ ደናን ነው!»

እኔ ሳቅሁ፤ እሷ አልሳቀችም። ብርጭቆውን ከእጁ ተቀበለችውና ደሙን ለሌላ ምርመራ ላከች። ውጤቱ ዛሬ መጣ፤ ብሩሴላ የሚባል ጀርም ነው። ከጥሬ ወተት ይመጣል፤ ወተቱ ቢኮመጥጥም አይሞትም። መድኃኒቱን ጀምሯል። እግሩ ካልተመለሰለት ጀርባው ይከፈታል። ፈርቻለሁ ሆዮ፣ በጣም ፈርቻለሁ።

አንቺን የሚወቅስ ካለ እኔ ጋ ይምጣ። ግመሏ እንደሆነ ታማ አትታይ፣ ማን ያውቃል? ዶክተሯ ግን «የምትልክለትስ? እሷም ትጠጣለች?» አለችኝ። ሌሊት እንደሚያልብሽ፣ ከመቀመጫሽ ስትነሺ ወገብሽን እንደምትይዢ ነገርኳት። ፊቷ ተለወጠ። «ዛሬ ነገ ሳትል ትምጣ» አለች።

ነገ በጠዋቱ መኪና ነይ። ደቻቱ ወንዝ ሞልቷል ብለሽ እንዳትቀሪ፣ በድልድዩ ትሻገሪያለሽ። የታመመ ልጅሽን ባዶ እጅሽን መጠየቅ ሞት እንደሚመስልሽ አውቃለሁ። ስለ አላህ ብለሽ ሆዮ፣ ለዚህች አንድ ቀን ባዶ እጅሽን ነይ።

ምራትሽ
ፊርዶስ