ባሌን ያሰርኩበት እሑድ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ለእትዬ፤

እንደምን ሰንብተሻል? ያ ወገብሽን ቀስፎ ይዞሽ የከረመው ሕመም ተወሽ ወይስ አሁንም በጎንሽ ነው የምትተኚው? የእማዬስ ዓይን ተሻላት? ባልሽ ጋሼስ ጫማውን ደጃፍ ላይ እየጣለ ማጨቃጨቁን ተወ? እኔ በሕይወት አለሁ፤ ልጆቹም ደህና ናቸው። ቀኝ ትከሻዬ ስለተሰፋ ፊደሌ ቢንጋደድብሽ አትንቀፊኝ። በስልክ ልነግርሽ ብዬ ነበር፤ ድምፅሽን ስሰማ ግን ስለ ልጆቹ ብቻ አውርቼ ዘጋሁት።

ባለቤቴ ከጋራዡ ደንበኞች ጋር የፎርዊል መኪና ክበብ ማቋቋሙን ነግሬሻለሁ። በወር አንድ እሑድ ተከታትለው ጫካ ይገባሉ፣ ጭቃና አቀበት እየፈለጉ ይፎካከራሉ፣ ሲመለሱ ከጦር ሜዳ የመጡ ነው የሚመስሉት። አለቃቸው ሥራ ተቋራጭ ነው፤ ሁሉን ካላዘዝኩ ስለሚል «ጠቅላይ» ይሉታል። እኔ ከጋራዡ ጓሮ የመኪና ወንበር ልብስ እየሰፋሁ መዋል እንጂ እንዲህ ያለው ጨዋታ ሞቴ ነው። ያን እሑድ ግን «ሚስት ያለው ሚስቱን ይዞ ይምጣ» ተባለና ልጆቹን ጎረቤት ትቼ ሄድኩ።

አራት መኪና ነበርን። ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ ስላደረ መንገዱ ሳሙና ሆኗል። ባለቤቴ ከፊት ይመራል፤ በተንሸራተተ ቁጥር ከኋላ ያሉት ጡሩምባ እየነፉ ያሞግሱታል፣ እሱም ነዳጅ ይረግጣል። «ኧረ ቀስ በል፣ ልጆች አሉን» ስለው «ፈሪ ለእናቱ» ብሎ ሳቀብኝ።

አንድ ጥምዝ ስንዞር ትልቅ ግንድ መንገዱን ዘግቶ ተጋድሟል። ሁለት ወንድማማች እንጨት ቆራጮች እየሠሩ ነበር፤ ታላቅየው ሽበት የጀመረው ዝምተኛ፣ ታናሽየው ትከሻው እንደ በር የሰፋ ሰው ነው። ግንድ የምትጎትትላቸው በቅሎ ከመንገዱ በታች፣ ተዳፋቱ ላይ ታስራለች። ታናሽየው ላቡን እየጠረገ መጥቶ፣ «ወንድሞቼ፣ ጥቂት ታገሡን። ቆራርጠን መንገዱን እንለቅላችኋለን፤ ከነካችሁት ቁልቁል ይንከባለላል» አለን። በደግ ቃል ነበር የተናገረው፣ እትዬ። ጠቅላይ ግን አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «ምነው መካኒኩ፣ መኪናህን ግንድ አቃታት እንዴ?» ሲለው የባለቤቴ ፊት በርበሬ መሰለ።

ከመኪናው አፍንጫ ላይ ያለውን የብረት ገመድ ስቦ ግንዱ ላይ ጠመጠመው። ታናሽየው «ኧረ ተው! በቅሎዬን ልፍታ!» እያለ ሮጠ። አልጠበቀውም። ሞተሩ አጓራ፤ ገመዱ ተወጥሮ ተወጥሮ ተበጠሰና እንደ ጅራፍ ተመልሶ ከፊቴ ያለውን መስታወት አደቀቀው። ግንዱ ከቦታው ተነቅሎ ነበርና ቁልቁል ተንከባሎ በቅሎዋን ከነታሰረችበት ጨፈለቃት። የኋላ እግሮቿ ተሰባብረው በፊት እግሮቿ ልትነሳ ስትፍገመገም የጮኸችው ጩኸት አሁንም ከጆሮዬ አልወጣም። ታናሽየው ግንባሯን ዳበሰ፣ መጥረቢያውን አነሳ፣ በአንድ ምት ገላገላት። ደሙ ደረቱ ላይ ተረጨ።

በዚያች ሰዓት ከባለቤቴ አፍ አንዲት ይቅርታ ብትወጣ ኖሮ ነገሩ እዚያው በቀረ። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል፤ «በቅሎ ናት እንጂ ሰው አይደለች፣ ምን ያስለቅሰዋል?» አለ። ሰውየው መጥረቢያውን መሬት ላይ ጥሎ፣ ባዶ እጁን መጥቶ ኮሌታውን ያዘው። «የልጆቼን ጉሮሮ ዘጋህ» ብቻ ነው ያለው። አልመታውም። እኔ በዓይኔ ያየሁት ይህን ነው። ባለቤቴ ግን የደቀቀውን መስታወት ሊያራግፍ ያነሳው የክሪክ ዘንግ በእጁ ነበርና ግንባሩን በረቀሰው።

ከዚያ ወዲያ የሆነው የሰው ሥራ አይመስልም። ሰውየው ደም ዓይኑን ሸፍኖት ወደቀ፣ እንደገና ተነሳ፣ ያገኘውን ፍልጥ አንስቶ ባለቤቴን አገጩ ላይ ሲያሳርፍበት አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። ጭቃው ላይ ወድቀው ይነካከሳሉ፣ ይቧጨራሉ፣ ይተናነቃሉ። ታላቅየው ወንድሙን ሊያላቅቅ ቢታገል አልቻለም፤ እኔም ልገላግል መሀል ስገባ ዘንጉ ትከሻዬን ተረተረው። የመታኝ ባለቤቴ ነው፤ አይቶኝ ይሁን ሳያየኝ እግዜር ይወቅ። ጠቅላይና ጀሌዎቹስ አትይኝም? መኪኖቻቸውን አዙረው እግሬ አውጪኝ አሉ። ያ ሁሉ ጀግና!

ሁለቱም ዝለው ሲዘረሩ ታላቅየው፣ «እህቴ፣ መንዳት ትችያለሽ?» አለኝ። ከጋራዡ ግቢ መኪና ከማስገባትና ከማስወጣት በቀር ነድቼ አላውቅም። «እችላለሁ» አልኩት። ሁለቱን ቁስለኞች ከኋላ ወንበር ጎን ለጎን ጫንናቸው፤ እሱ አቋራጩን ሊያሳየኝ ከፊት ተቀመጠ። መስታወት የለም፤ ቅርንጫፉ ፊቴን ይገርፈኛል።

ወንዝ ስንሻገር ውሃው መብራቶቹ ድረስ ደርሶ ነበር። መሀል ላይ ሳለን ከኋላ የሲቃ ድምፅ ሰምቼ ብዞር፣ ባለቤቴ ያን ራሱን የሳተ ሰው በሁለት እጁ አንቆታል። «ልቀቀው!» ብዬ ጮህኩ። ታላቅየው ዞሮ እጁን ቢታገለው አልላቀቅ አለው። እንደ ምንም ተሻግሬ ፍሬን ያዝኩ፤ ወርጄ በሩን ከፍቼ ጣቱን በጥርሴ ነከስኩት። እሪ ብሎ ሲለቅ ከወንበሩ ሥር የመጎተቻውን የናይለን ገመድ አወጣሁና ባሌን፣ የልጆቼን አባት፣ የፊጥኝ አስሬ ከበሩ እጀታ ጋር ቋጠርኩት። «ብትነቃነቅ ለጅብ እዚሁ ነው የማወርድህ» አልኩት። ያን ድምፅ ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ «ማን ነው ያሰረው?» አለ። «እኔ» አልኩ።

ቆራጩ ነፍሱ ተርፋለች፤ አንድ ዓይኑ ግን ጠፍቷል። የባለቤቴ አገጭ በሽቦ ተይዟል። ፖሊሱ «ቀድሞ የመታው ማን ነው?» ሲለኝ ያየሁትን ተናገርኩ። በማግሥቱ ጠቅላይ አንድ ከረጢት ብርቱካን ይዞ መጣና፣ «ቆራጩ በመጥረቢያ መጣበት በይና ጉዳዩ ያብቃ፤ የባልሽን ገበና ሸፍኚ» አለኝ። «ዳኛው ስለ አንተም ቢጠይቁኝ ያየሁት ጀርባህን ብቻ ነው» ብዬ ከነብርቱካኑ ሸኘሁት።

ባለቤቴ በዋስ ወጥቶ ቤት ነው። ሾርባውን በቀጭን ቱቦ የማጠጣው እኔ ነኝ፤ ሳቀብለው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። እናቱ ደግሞ «ባሏን አስራ አሳሰረችው» እያሉ ላለፈ ላገደመው ያወራሉ። የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ደርሷል። ቃሌን አልለውጥም፤ ከዚያ በኋላ በዚህ ቤት የምኖር አይመስለኝም። ስለዚህ ያቺን የዕቃ ክፍልሽን ጥረጊልኝ። እኔና ልጆቹ መሬትም እንተኛለን፤ የስፌት መኪናዬ ግን ከባድ ናትና ጠንካራ ጠረጴዛ ፈልጊላት።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ለእሷ መኪና ተጋጭተው ነው በያት። ትልቋን ልጅሽን፣ ያቺን ሁሌ ላንቺ የምትሟገት «ጠበቃ»ሽን፣ ሰላም በይልኝ፤ ሕፃኑን አገላብጠሽ ሳሚው። ለጋሼም ሰላምታዬ ይድረሰው። መናኸሪያ የሚቀበለን እሱ ከሆነ፣ ሻንጣችንን ይያዝልን እንጂ ምንም እንዳይጠይቀኝ ለምኚልኝ፤ ልጆቹ ፊት ማልቀስ አልፈልግም።

እህትሽ፣
ከጋራዡ ጓሮ፣ ከስፌት ክፍሌ
ጥቅምት ፲፱ ቀን